ከአቡ ሐሊፋ ባሕር የሚገኘው ሀብት የማን ነው?

አርብ ዕረፍት አግኝታችሁ አቡ ሐሊፋ ባሕር ዳር የምትቀመጡ እህቶች፣ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ብታዞሩ ፈሓሒል ነው፤ ከዚያ አለፍ ሲል የሚና አል አሕመዲ የነዳጅ ወደብ አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ጊዜ ከዚያ አካባቢ ወደ ባሕሩ የተለቀቀው ድፍድፍ ነዳጅ በሚሊዮን በሚቆጠሩ በርሜሎች የሚለካ ነበር። ባሕሩ ሞተ ተብሎ ነበር።

በዓመቱ የኩዌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ‹ኔቸር› በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሌላ ነገር ጻፈ። ነዳጅ በለበሰው ዳርቻ ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስል ነገር በቅሏል፤ በውስጡም ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እንዲህ ያሉ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ እንደ ሳሙና የሚሠራ ኬሚካል ያመነጫሉ። ቅባት የያዘ ድስት በሳሙና ስታጥቡ ቅባቱ ተበጣጥሶ ከውሃው ጋር ይሄድ የለ? እነሱም ዘይቱን በትነው ነው የሚበሉት።

የባሕር ባክቴሪያ ኬሚካል ለመድኃኒትም ይፈለጋል። ከባሃማስ የባሕር ወለል ደለል ከወጣው ሳሊኒስፖራ ከተባለ ባክቴሪያ የተገኘው ሳሊኖስፖራማይድ ኤ በ2003 ይፋ ሆኖ ለካንሰር ተሞክሯል። በአንጎል ካንሰር ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ግን የታማሚዎችን ዕድሜ አላራዘመም። ፍለጋው አሁንም ቀጥሏል።

ከተገኘስ ጥቅሙ የማን ነው? ከአገሮች የባሕር ክልል ውጪ ስላለው ውቅያኖስ በ2023 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጥር 2026 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ ከሚወጣ ባክቴሪያ የሚገኝ ጥቅም ለሁሉም እንዲደርስ ይላል፤ ባሕር የሌላቸው አገሮችም ተጠቅሰዋል። የአቡ ሐሊፋ ውሃ በዚህ አይገባም። የኩዌት ክልል ስለሆነ የሚወስነው የኩዌት ሕግ ነው፤ ይህም ተገቢ ይመስለኛል።

እኛ ነገሩን በጤፍ አይተነዋል። ኢትዮጵያ በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅም የመጋራት ውል ፈረመች። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ግን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዝግቦ ነበር። ኩባንያው ከሰረ፤ ለአገራችን የደረሰው እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ነው። የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ውሉ በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አይወጣለትም ነበር።

በአዲሱ የውቅያኖስ ስምምነትም ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚከፋፈል የመወሰኑ ሥራ ለአባል አገሮች ጉባኤ ተትቷል። የአዲስ አበባ ተደራዳሪዎች ዓይናቸውን መጣል ያለባቸው እዚያ ላይ ነው።