ከአፏ ሳይወጣ አፋፍ የደረሰው

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። «ሩሲያን ከቤቴ ሆኜ አያታለሁ» ያለችው ማን ናት?

«ሳራ ፔሊን!» አላችሁ አይደል? እኛም ለዓመታት እንደዚያው ነበር የምንለው። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ «ጥቅስ ከመጻፋችሁ በፊት ምንጩን አጣሩ» ተብለን፣ ፈተናውንም አልፈን ያው ነበርን። ተሳስተናል። ያለችው ኮሜዲያኗ ቲና ፌይ ናት፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008፣ «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» በተባለው የኤንቢሲ የቀልድ ፕሮግራም ላይ ፔሊንን ሆና ስትጫወት።

የሪፐብሊካኖቹ ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ ራሷ ያለችው ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት የኤቢሲው ቻርልስ ጊብሰን ስለ ሩሲያ ሲጠይቃት፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ አላስካ ውስጥ ካለ ደሴት ላይ ሆኖ ሩሲያን ማየት ይቻላል ብላ መለሰች። ይሄ ደግሞ እውነት ነው። በአሜሪካው ትንሹ ዲዮሚድና በሩሲያው ትልቁ ዲዮሚድ ደሴቶች መካከል ያለው ርቀት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። ይቺኛዋ ግን ከአፏ ሳትወጣ ነው አፋፍ የደረሰችው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ቀልድ እኮ ነው!» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፤ ማጋነን የስላቅ መብቱ ነው። ፔሊንም ብትሆን ያለ ጥፋቷ የተሳለቁባት ምስኪን አልነበረችም። ጎረቤት መሆን አዋቂ አያደርግም፤ መልሷ ደካማ ነበር። የሲቢኤሷ ኬቲ ኩሪክ ስትጠይቃት የተወላከፈችበትንም መልስ ቲና ፌይ ቃል በቃል ለማለት በሚቻል መልኩ ደገመችውና አገር ሳቀ። ለዚህኛው ምንም አንልም፤ የገዛ ቃሏ ነው። የኛ ጥያቄ፣ የፈጠራው ቀልድ እንዴት የሷ ጥቅስ ሆኖ ቀረ ነው። ቀልዱን እንደ ዜና እየደጋገመ ያሳየውስ ማን ነበር? ሰኞ ጠዋት ከረባት አስሮ የሚቀርበው ጋዜጠኛ አይደለም እንዴ?

ደግሞስ በዚያኛው ወገን በኩል? በዚያው ምርጫ ኦባማን ይጫወት የነበረው ፍሬድ አርሚሰን ነው። ከተናገረው አንዲት ዓረፍተ ነገር የምታስታውሱ አላችሁ? እኛ የለንም። ኮሜዲያኑ «ኦባማ ለቀልድ አይመችም» እያሉ ሲያማርሩ፣ የኤምኤስኤንቢሲው ክሪስ ማቲውስ ደግሞ በፌብሩዋሪ 2008 የኦባማን ንግግር ሲሰማ እግሩን ደስ የሚል ስሜት እንደሚነዝረው በቀጥታ ስርጭት ተናገረ። ዘጋቢው እንዲህ ከሆነ ኮሜዲያኑ ምን ይፈረድበታል?

ለእውነት ሲባል ግን ይሄም ይነገር። ያው ፕሮግራም በዚያው ፌብሩዋሪ ጋዜጠኞች ኦባማን ሲያሞላቅቁ የሚያሳይ የውሸት ክርክር ሠርቶ ነበር። ሂላሪ ክሊንተን ቀልዱን ወስዳ በክሊቭላንዱ ክርክር ላይ፣ ኦባማ ተመችቶት እንደሆነና ሌላ ትራስ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁልኝ ብላ ሸነቆጠቻቸው። ስላቅ ማለት ይሄ ነው! የራስን ሰፈር ሰዎች ይጎረብጣል።

ስምንት ዓመት ወደፊት እንሂድ። ፕሮግራሙ በኖቬምበር 2015 ዶናልድ ትራምፕን ጋብዞ አስተናጋጅ አደረገው። በዓመቱ ደግሞ አሌክ ባልድዊን ትራምፕን እየሆነ በየሳምንቱ ሲያበሻቅጠው ከረመ። ትራምፕ አሸነፈ። ኖቬምበር 12 ቀን 2016 ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ ሂላሪን የምትጫወተው ኬት ማኪነን ነጭ ልብስ ለብሳ ፒያኖ ፊት ተቀምጣ «ሃሌሉያ»ን አንጎራጎረች። የዘፈኑ ባለቤት ሊዮናርድ ኮኸን በዚያው ሳምንት ስላረፈ ለሱም መታሰቢያ ነበር። ነገር ግን አንድም ሰው እንዲስቅ አልተፈለገም። የቀልድ ቤት ድንኳን ጥሎ ለቅሶ ተቀመጠ ማለት ነው። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከሟች ጋር ያለውን ዝምድና ሊደብቅ አይችልም።

ጉዳቱ የት ላይ ነው? የተሳቀበት ወገን ሐሳቡን አይቀይርም፤ ጣቢያውን ነው የሚቀይረው። ከዚያ በኋላ ያው ሚዲያ የተጣራ፣ ማስረጃ ያለው ዘገባ ሲያቀርብ «እነሱማ ድሮም ያው ናቸው» ይባላል። ቀልዱ ያተረፈው ሳቅ የአንድ ሌሊት ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እውነተኛው ዘጋቢ ነው። በሙያው እንጀራ እንበላለን ብለን የተማርን ልጆች ይሄ ሊያንገበግበን ይገባል።

እኛስ ብንሆን? በ2008 ልጆች ነበርን፤ ግን ቤታችን ውስጥ ኦባማ ሲያሸንፍ ዘመድ ያሸነፈ ያህል እንደተጨበጨበ አንረሳውም። ለምን? የአባቱ አገር ኬንያ ጎረቤታችን ነቻ! ልብ በሉ፤ ሴትዮዋን «ሩሲያ ጎረቤታችን ናት» አለች ብለን እየሳቅንባት ነው እኮ።

ቀልድ ለሁለቱም ወገን በሚዛን ይመዘን፣ ለአንዱ አምስት ለሌላው አምስት ይታደል አላልንም። እንደዚያ ያለ ቀልድ አያስቅም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። ጋዜጠኛው የኮሜዲያኑን ፈጠራ የፖለቲከኛው ቃል አድርጎ አይሽጥልን። ኮሜዲያኑም አልፎ አልፎ የሚያጨበጭብለትን ታዳሚ ይቆንጥጥ። አለቃ ገብረ ሃና ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው ለምን ይመስላችኋል? በስማቸው የሚነገሩት ቀልዶች መኳንንቱንም የገዛ ወገኖቻቸውን ካህናቱንም አይምሩም።

የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ፣ የማንም አገር ይሁን፣ መሳቃችን አይቀርም። እንሳቅ። ስቀን ስንጨርስ ግን ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት አንዴ እንጠይቅ፦ ይቺን ያላት ማን ነው?