መድኃኒት በዕጣ



ድኗል ተብሎ ዘመድ ወዳጅ ደስ ካለው በኋላ የሚያገረሽ ደዌ ከመጀመሪያው ይልቅ ልብ ይሰብራል። ሊምፎማ የሚባለው የነቀርሳ ዓይነት እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። የሚነሣውም ሰውነታችንን ከበሽታ ከሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ በአንገት፥ በብብትና በብሽሽት በሚወጣ እብጠት ይታወቃል። ሐኪሞች ብዙ መድኃኒቶችን አጣምረው ይሰጡታል፤ ከአንዱ መድኃኒት ያመለጠው ሕዋስ በሌላው ይያዛልና። ነገር ግን ደዌው ሲመለስ የትኛው ጥምር ይሻላል?

ይህን ለማወቅ ፈቃደኞች የሆኑት ሕሙማን በዕጣ ይከፈላሉ። «በልጄ ሕይወት ላይ ዕጣ ይጣላልን?» የሚል ወላጅ ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ፥ ጠንካሮቹን ሕሙማን ሳያውቀው እንኳ ወደ አንድ ወገን ሊያደላ ይችላል። ጎበዞቹን ተማሪዎች በሙሉ በአንድ ክፍል ሰብስበው የዚያን ክፍል መምህር እንደ ማመስገን ማለት ነው፤ ይህን ስሕተት እኛ መምህራን ደኅና አድርገን እናውቀዋለን።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ፥ ፓርማ በተባለው ጥናት ሊምፎማ ያገረሸባቸው 215 ሰዎች ገብተው ነበር። በመጀመሪያ ለሁሉም ሲስፕላቲን፥ ሲታራቢንና ዴክሳሜታዞን በጥምር ተሰጣቸው። ደዌው ከቀነሰላቸውም 109ኙ በዕጣ ተለዩ። እኩሌቶቹ ያንኑ ጥምር ቀጠሉ። ለሌሎቹ ግን እጅግ የበረታ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ይህም መድኃኒት ደም የሚሠራውን መቅኔ ስለሚያጠፋ፥ አስቀድሞ ከራሳቸው ተወስዶ የተቀመጠው መቅኔ ተመለሰላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደዌው ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት በዚህኛው ወገን ከመቶ 46፥ በዚያኛው ከመቶ 12 ሆኑ። እንዲህ ያለ ልዩነት ዕጣ ባይጣል ኖሮ ማን በእርግጥ ያምነው ነበር?

ሁልጊዜ ግን አሸናፊ አይገኝም። በ2010 ዓ.ም. በታተመው ኮራል በሚባለው ጥናት፥ አር-አይስና አር-ዲሃፕ የተባሉት ሁለት ጥምሮች በ396 ሕሙማን ተመዝነው እኩል ሆነው ተገኙ። ይህ ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን እንዲህ አላስብም። አር-ዲሃፕ ያለበት ሲስፕላቲን ኩላሊትን ይጎዳልና፥ ኩላሊቱ የደከመ ሕመምተኛ ሌላውን ቢወስድ የሚቀርበት ነገር እንደሌለ ታወቀ። ደግሞም ደዌው በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸውን ሰዎች ሁለቱም ጥምሮች እምብዛም እንዳልረዷቸው ተገለጸ።

ለእነዚህ ሰዎች ሌላ መንገድ ተፈለገ። በ2022 ዓ.ም. በታተመው ዙማ-7 በተባለው ጥናት፥ 359 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን የተለመደው ጥምር፥ ለሁለተኛው የገዛ ራሱ ነጭ የደም ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ተለውጠው ደዌውን እንዲወጉ ተሰጠው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደዌው ሳይበረታባቸው የቆዩት ከመቶ 16 እና ከመቶ 41 ነበሩ።

ያ ወላጅ የጠየቀው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም። ዕጣው በአሮጌው መድኃኒት ላይ የወጣበት ሰው ባዶ እጁን አልተተወም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚታወቀው የተሻለ ሕክምና ተሰጥቶታል። በዚህ በመጨረሻው ጥናትም ከእነዚህ ሰዎች ከመቶ 56ቱ፥ ጥምሩ ባልረዳቸው ጊዜ፥ ከጥናቱ ውጭ የሕዋስ ሕክምናውን ኋላ አግኝተዋል።