«ቺ» ኢነርጂ ነውን?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በተማሪው መካከል ስለ ቻይናዎች «ቺ» ብዙ ይወራል። ከፊሉ «የሕይወት ኢነርጂ ነው» እያለ በፊዚክስ ከምንማረው ኢነርጂ ጋር አንድ ያደርገዋል። ከፊሉም ሳይመረምር «የባልቴት ተረት» ብሎ ይስቃል። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ቺ» በጥንት ትርጕሙ ትንፋሽ፤ እንፋሎት፤ አየር ማለት ነው። በቀድሞው አጻጻፍ ፊደሉ የእንፋሎትና የሩዝ ምልክት በአንድነት አለበት። ዛሬም ቻይናዊው የአየሩን ጠባይ «ቲየንቺ» ማለት የሰማይ ቺ፤ ይሉኝታንም «ከቺ» ማለት የእንግዳ ቺ ይለዋል፤ መቈጣትንም «ሸንግቺ» ይለዋል። ኢነርጂ በጁል ይለካል። ይሉኝታ በስንት ጁል ይለካ ይሆን? (በነገራችን ላይ «ታይ ቺ» በሚባለው ስፖርት ውስጥ ያለው «ቺ» ሌላ ቃል ነው፤ በእኛ ፊደል ስለ ተመሳሰለ ብዙ ሰው ያሳስታል።)

ፈላስፎቹም ቢሆኑ የተናገሩት ስለ ሞተር ጉልበት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሜንሲየስ ቺን ከቅን ሥራ ጋር ያያይዘዋል፤ ቅንነት የጐደለው ሰው ቺው ይራባል ባይ ነው። ጃንግ ዛይ (ከ1020 እስከ 1077፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ደግሞ ፍጥረት ሁሉ የቺ መሰብሰብና መበተን ነው፤ ውሃ በረዶ ሆኖ መልሶ እንደሚቀልጥ ያለ ነገር ነው ብሎ አስተማረ። ይህ ትልቅ አሳብ ነው። ለእኛም እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ ነፍስ፤ ነፋስ፤ እስትንፋስ፤ መንፈስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸውና። ነፍስን «ኢነርጂ» ብሎ የሚተረጕም ሰው ቢመጣ የቅኔው መምህር ምን ይሉት ነበር?

ትርጕሙ ከወዴት መጣ ቢሉ፤ በቻይና ቆንስል የነበረው ፈረንሳዊው ሱልዬ ደ ሞራን ስለ መርፌ ሕክምና በ1939 ማሳተም በጀመረው መጽሐፍ ቺን «ኤነርዢ» አለው። ቃሉ ከፊዚክስ ተበደረ፤ መለኪያው ግን አብሮ አልመጣም። የዛሬ ሁለት ሺሕ ዓመት ገደማ የተጠናቀረው «የቢጫው ንጉሥ» የሕክምና መጽሐፍ ቺ በሰውነት ውስጥ በ12 ዋና መንገዶች ይመላለሳል ይላል፤ ሬሳ ከፍተው የመረመሩ ሐኪሞች ግን እነዚህን መንገዶች እስከ ዛሬ አላገኟቸውም።

የቃል ጠብ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን። ነገር ግን «ኢነርጂ» መባሉን ያመነ በሽተኛ ክኒኑን እስከ መተው ይደርሳል። ቻይናዎች ራሳቸው በዚህ ተፈትነዋል። ደራሲው ሉ ሹን የአገር ባህል ሐኪሞች ለታመመ አባቱ የፌንጣ ዘመድ የሆኑ ጥንድ ነፍሳት ሳይቀር እያዘዙ እንዳላዳኑለት በ1926 ጽፏል። በ1929 የኩኦሚንታንግ መንግሥት ይህን ሕክምና ሊያስቀር ሞክሮ በሐኪሞቹ ተቃውሞ ሳይሆንለት ቀረ፤ በ1956 ደግሞ የኮሙኒስቱ መንግሥት በቤይጂንግ፤ በሻንጋይ፤ በጓንግዡና በቸንግዱ ኮሌጅ ከፈተለት። በ1980ዎቹ ቺን ከእጃችን እየላክን ከሩቅ እንፈውሳለን የሚሉ «መምህራን» አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሰበሰቡ፤ ስመ ጥሩው የሮኬት ሊቅ ቼን ሹዌሰን ሳይቀር የዚህን ነገር ጥናት ደገፈ። ሊቅነት ከዚህ አያድንም ማለት ነው።

ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ጌ ሆንግ በ4ኛው መቶ ዓመት የጻፈውን የወባ መድኃኒት አነበቡ። ይኸውም ቺንግሃዎ የሚባል የጭቁኝ ዘመድ የሆነ ተክል ነው። በውሃ ተነክሮ ይጨመቅ መባሉን፤ ይቀቀል አለመባሉን አስተዋሉ፤ ሙቀት ያበላሸው ይሆናል ብለው በኤተር አወጡት። በ1971 በአይጥና በጦጣ ላይ ተሞከረ፤ በ1972 ራሳቸው ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ለበሽተኛ ተሰጠ። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከዚሁ ዘር የሆነው መድኃኒት ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ለወባ ይታዘዛል።

እንግዲህ ቺን እናስተምር የሚሉ ሰዎች በፍልስፍና ክፍል ይምጡ፤ ቁጭ ብለን እንሰማቸዋለን፤ እንጠይቃቸዋለንም። እንፈውስበታለን የሚሉት ግን የሙከራውን መዝገብ ይዘው ይቅረቡ። እስከዚያው ድረስ በዚህ ጋዜጣ የሚጽፉ ጓደኞቻችን ቃሉን «ቺ» ብለው እንዲተዉት፤ «ኢነርጂ» የሚለውን ለፊዚክሱ መምህር እንዲለቁለት እንጠይቃለን።