ውሃ ልኩ ይቅደም

ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም ውሃ ልኩን ከእጁ አይለይም። ግድግዳው ቢጣመም ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ይታያልና ያፍራል። ጥመቱ ከዐይን የተሰወረ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ቸል ይላል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ዛሬ የምናነሣው በመኪና በሚጎተቱ ቤቶች ውስጥ የሚገኘውን የጋዝ ማቀዝቀዣ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ዕረፍቱን በጉዞ ማሳለፍ የሚወድ ቤተሰብ መኝታውንና ማድቤቱን የያዘ ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ ይሄዳል። በብዙዎቹ ቤቶች ያለው ማቀዝቀዣ የሚሠራው በእሳት ነው። እሳት እንዴት ብርድ ይሰጣል? ለሚለን አንባቢ፣ ነገሩ ከአረቄ አወጣጥ ብዙም የራቀ አይደለም። ነበልባሉ በውሃ የተበረዘውን አሞኒያ ያፈላል፤ አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያም ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሲወርድ ከሃይድሮጂን ጋር ተገናኝቶ እንደገና ሲተን የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። በመጨረሻ ውሃው አሞኒያውን መልሶ ይመጠውና ተያይዘው ወደ ማፍያው ይመለሳሉ። ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 የፈለሰፉት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስቶክሆልም የቴክኒክ ተማሪዎች ናቸው።

ይህ ማቀዝቀዣ ሞተር የለውም፤ ፈሳሹን ወደ ማፍያው የሚመልሰው የገዛ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ቤቱ ባጋደለ መሬት ላይ ሲቆም ፈሳሹ በቧንቧው ውስጥ ይታቆራል፤ ማፍያውም ባዶውን ይግላል። ቧንቧውን ከዝገት እንዲጠብቅ የተጨመረው ኬሚካል ከሙቀቱ የተነሣ ጠጥሮ ጠባቡን መተላለፊያ ይደፍናል። በጉዞ ላይ ንቅናቄው ፈሳሹን ስለሚያናውጠው አይታቆርም። ጉዳቱ የሚመጣው ከቆመ በኋላ ነው፤ ከተደፈነ ወዲያ ደግሞ ቤቱን ቢያቃኑት ቧንቧው አይከፈትም።

«አንድ ሌሊት ምን ያመጣል? ትናንትም እንዲሁ አቁመነው ቀዝቅዟል» የሚሉ አሉ። እኛ ይህን አነጋገር አንቀበለውም። ጉዳቱ በየማደሪያው ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል እንጂ በአንድ ቀን አይገለጥም። የብዙዎቹ መመሪያ የሚፈቅደው ዝንባሌ ወደ ጎን 3፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 6 ዲግሪ ያህል ነው። 3 ዲግሪ ማለት በ2 ሜትር ስፋት ላይ 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው። መድኀኒቱም ቀላል ነው፦ ውሃ ልኩን በማቀዝቀዣው ወለል ላይ ማስቀመጥ፤ ዝቅ ያለውን ጎማ በሳንቃ ላይ ማውጣት፤ ጎማዎቹን በታኮ ማስደገፍ፤ ከዚያም ከመኪናው ፈትቶ ፊቱን በክሪክ ማስተካከል። እሳቱን መለኮስ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ነገሩ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢዎቻችንን ባላደከምን ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ዐይነት ማቀዝቀዣ በነጭ ጋዝ እየሠራ፣ መብራት ባልደረሰባቸው የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ክትባት ሲጠብቅ ኖሯል። ዛሬ በፀሐይ ኀይል የሚሠራው እየተካው ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቀመጥ አለበት። ወጥ ሲበላሽ ይሸታል፤ በሙቀት የተበላሸ ክትባት ግን ብዙ ጊዜ መልኩ አይለወጥም። እናት ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ ትመጣለች፤ ልጁ ይወጋል፤ ካርዱም ይጻፋል፤ በሽታው ሲመጣ ግን መከላከያው የለም። ለዚህ ሁሉ መነሻው ከማቀዝቀዣው እግር ሥር አንዲት ስንጥር ሳይደረግ መቅረቱ ሊሆን ይችላል።

በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የምንረከብና የምናከፋፍል ወጣቶች ከዚህ የምንማረው አለን። ማሽን ወደ ገጠር ስንልክ ውሃ ልኩንም፣ ምክንያቱንም አብረን እንላክ። «አስተካክለህ አቁም» የሚል ትእዛዝ ብቻውን ቶሎ ይረሳል፤ ለምን እንደሆነ የገባው ሠራተኛ ግን አለቃ ባያየውም ይጠነቀቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠሉ በእጅ ሳለ እንድንሠራበት ነው።