ደላላው ደላላ ይባል



ቤት ለመከራየት ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ነገር አለ፦ «ባለቤቱ ነህ ወይስ ደላላ?» ጥያቄው ደላላን ለመናቅ አይደለም። ገንዘባችን ወደ ማን እንደሚሄድና ችግር ሲመጣ ማንን እንደምንይዝ ለማወቅ ነው።

ይኸው ጥያቄ በኢንተርኔት ማስታወቂያ ገበያም አለ። አንድ ሰው ዌብሳይት ሲከፍት፣ ገጹ ላይ ያለው የማስታወቂያ ቦታ ዓይን እስክንጨፍን ባለው ጊዜ ውስጥ በጨረታ ይሸጣል። በአስተዋዋቂውና በገጹ ባለቤት መካከል ብዙ እጆች አሉ፤ እያንዳንዱም ድርሻውን ያነሳል። ኢስባ የተባለው የብሪታንያ አስተዋዋቂዎች ማኅበር ከፒደብሊውሲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ አስተዋዋቂዎች ከከፈሉት ገንዘብ ባለ ገጾቹ ጋር የደረሰው 51 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። 15 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ማን ኪስ እንደገባ እንኳ ሊታወቅ አልቻለም።

ይህን ጨለማ ለመቀነስ አይኤቢ ቴክ ላብ የተባለው ተቋም ሁለት መዝገቦችን አወጣ። በ2017 የመጣው አድስ ዶት ቲኤክስቲ ነው፤ የገጹ ባለቤት «ቦታዬን እንዲሸጡ የፈቀድኩላቸው እነዚህ ናቸው» ብሎ በራሱ ገጽ ላይ ይጽፋል። በዚያው ዓመት ፋይናንሺያል ታይምስ ጋዜጣ በስሙ የሐሰት ቦታ እየተሸጠ መሆኑን ደርሶበት፣ ማጭበርበሩን በወር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶት ነበር። ሁለተኛው መዝገብ በ2019 የመጣው ሴለርስ ዶት ጄሰን ነው። እዚህ ላይ የሚጽፈው ገበያውን የሚያካሂደው ድርጅት ሲሆን፣ ገንዘብ የሚከፍለውን እያንዳንዱን ሻጭ ከሦስት በአንዱ ይመድባል። ገጹ የራሱ ሆኖ ክፍያውን በቀጥታ የሚቀበል «ፐብሊሸር» ነው፤ የሌላ ሰው ቦታ የሚሸጥ «ኢንተርሚዲየሪ» ማለትም ደላላ ነው፤ ሁለቱንም የሚሠራ «ቦዝ» ይባላል።

ችግሩ የሚጀምረው ደላላው ራሱን ባለቤት አድርጎ ሲያስመዘግብ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ገዢዎች በቀጥታ ከባለቤቱ መግዛት ይመርጣሉ። በዚህ ውሸት ሦስት ሰዎች ይጎዳሉ። አስተዋዋቂው ያላወቀውን ኮሚሽን ይከፍላል። እውነተኛው ባለ ገጽ ከአስመሳዩ ጋር እኩል ይሰለፋል። «ደላላ ነኝ» ብሎ በሐቅ የተመዘገበው ደግሞ በሐቁ ምክንያት ገበያ ያጣል።

«ደላላ ነን ብንል ማን ይገዛናል?» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አንልም፤ አንዳንድ ገዢዎች ደላላን በጅምላ ይዘላሉ። ነገር ግን ለዚህ መልሱ የምንሰጠውን አገልግሎት ማሳየት ነው። ትንንሽ ገጾችን ሰብስቦ ትልቅ ገዢ ፊት ማቅረብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። «የንግድ ሚስጥር አለን» የሚሉም አሉ። መዝገቡ ግን ስምን በሚስጥር መያዝ ይፈቅዳል፤ የሻጩ ዓይነት ግን ስሙ ቢደበቅም መጻፍ አለበት። ስለዚህ ሚስጥር መጠበቅ ለመዋሸት ምክንያት አይሆንም።

ለእኛ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዑለማዎቻችን ድለላን፣ ክፍያው እስከታወቀና ማታለል እስከሌለበት ድረስ፣ በጥቅሉ ፈቅደዋል። ሱረቱል ሙጠፊፊን ደግሞ የሚጀምረው ሚዛን የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው። ዛሬ ሚዛኑ ስክሪን ላይ ቢሆንም የሰው ሐቅ ያው የሰው ሐቅ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ያለን ወጣቶች ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ የገጻችንን አድስ ዶት ቲኤክስቲ ከፍተን መስመር በመስመር እንይ፤ «ዳይሬክት» ብለን መጻፍ ያለብን አካውንቱን ራሳችን የምንቆጣጠረው ሲሆን ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የሚሸጥልን ከሆነ «ሪሴለር» ነው። የማናውቀው ስም ካለ እናጥፋው። ሁለተኛ፣ የሚያሠራን ኔትወርክ በሴለርስ ዶት ጄሰን ምን ብሎ እንዳስመዘገበን እንጠይቅ፤ ከእኛ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ይስተካከል። ሦስተኛ፣ በሌላ ሰው ስም የወጣ የማስታወቂያ አካውንት አንከራይ፣ አናከራይም። እንዲህ ባለው አካውንት ላይ የተጻፈው ስምና ገጹን የያዘው ሰው ስለማይገናኙ መዝገቡ ከመጀመሪያው ውሸት ነው። አካውንቱ የተዘጋ ቀን ደግሞ ገንዘቡን የሚጠይቅ ባለቤት አይኖርም።

ገበያው ውስጥ ቦታችን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ትንሽነታችንን በትክክል ብንጽፈው ግን የሚገዛን ሰው ከማን እንደገዛ ያውቃል፤ ነገም ተመልሶ ሊመጣ የሚችለው ይህ ገዢ ነው።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይወፍቀን።