ግድግዳው ውሃ ሲጠጣ

አገር ቤት መስቀል ሲጠባ ዝናቡ ይሰናበታል፤ እዚህ ሎስ አንጀለስ ግን ገና መምጣቱ ነው። ሳይደርስባችሁ ቤታችሁን በውጭ በኩል አንዴ ዙሩት።

ፌርፋክስ አካባቢ ብዙዎቹ ቤቶች በ1920ዎቹና 30ዎቹ የተሠሩ፣ ውጫቸው በስታኮ የተለሰነ ነው። ስታኮ የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የኖራ ልስን ነው። ከኋላው ሽቦ፣ ቀጥሎ ሬንጅ የጠጣ ወረቀት፣ ከዚያ እንጨቱ አለ። ልስኑ ትንሽ ውሃ መጠጣቱ አይቀርም፤ እንጨቱን የሚያድነው ወረቀቱ ነው።

ልጆቹ ግድግዳውን በጣታቸው ያንኳኩ፤ ይወዱታል። እንደ ባዶ እንስራ የሚያስተጋባ፣ ያበጠ ወይም ቀለሙ የተላጠ ቦታ ካገኙ ጠርጥሩ።

ብዙዎቻችን ሲሚንቶ ለጠፍ፣ ቀለም ቀባ አድርገን እናልፋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት ከነለጠፍኩት ወረደ፤ እንጨቱ በጣት ይፈረፈር ነበር። ለካ ውሃውን ውስጥ ቆልፌበት ኖሯል!

መጀመሪያ የገባበትን ፈልጉ፦ የመስኮት ጥግ፣ የተደፈነ አሸንዳ፣ ግድግዳውን የሚረጭ የሣር ማጠጫ፣ ግድግዳው ሥር የተከመረ አፈር። ከዚያ የላላው ልስን ይነሳ፣ እንጨቱ በደንብ ይድረቅ። አዲሱ ወረቀት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የላይኛው የታችኛውን ይደርብ። ልስኑ ሦስት ጊዜ ነው የሚመታው። እናቶቻችን ጭቃ ቤት ሲመርጉ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡም ነበር፤ እዚህም ያው ነው። ልዩነቱ ሲሚንቶ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ውሃ እፍ እፍ አድርጉበት።

አደራ፣ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። አቧራው የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ሳታስመረምሩ አትፋቁት፤ ልጆቹንም አርቁ።

ተከራይ ከሆናችሁ በካሊፎርኒያ ሕግ ጣሪያውና የውጭ ግድግዳው ውሃ እንዳያስገባ ማድረግ የአከራዩ ግዴታ ነው። ፎቶ አንሱና በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ የኮንትራክተሩን የላይሰንስ ቁጥር ሳታጣሩ አትዋዋሉ፣ የአገር ልጅ ቢሆንም። ቅድሚያ ክፍያው በአብዛኛው ከ10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው መብለጥ የለበትም። ግማሹን አምጡ ካላችሁ፣ ቡና ጋብዙትና ሸኙት።