ጫጉላ በክሪኬት ሜዳ

ከዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች መካከል አንዷ ሳቄንም ትዝታዬንም ቀሰቀሰችብኝና ሌሎቹን ለጊዜው ወደ ጎን አደረግኋቸው። ደብዳቤዋ ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። እጮኛዬ የሚሠራው ሻርጃ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ሕንዶችና ፓኪስታኖች ስለሆኑ ክሪኬት የሚባል ጨዋታ አስለምደውታል። አስለምደውታል ስል ቀላል እንዳይመስልዎት፤ ለይቶለታል! አሁን ደግሞ ከሰርጋችን በኋላ ለጫጉላ ሽርሽር ኮሎምቦ፣ ስሪላንካ ሄደን ሦስት ጨዋታ እናያለን ብሎ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሯል። እኔ የጨዋታው ሀ ሁ አይገባኝም። እናቴ ‹ሙሽራ ይዞ ሜዳ የሚወርድ ወንድ ነገ ምን ሊያደርግሽ ነው?› ትላለች። ጓደኞቼ ‹ዱባይ ባሕር ዳር መዝናናት እያለ የምን ኮሎምቦ ነው!› ይሉኛል። እሱን ላስቀይመው አልፈልግም። ጫጉላዬንም ዱላ የያዘ ሰው ሳይ እንዲያልቅ አልፈልግም። እሺ ልበለው ወይስ እምቢ?
ግራ የገባት ሙሽራ፣ ከኮተቤ»

እህቴ፣ መልሴን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እኔም በዚሁ ጨዋታ ሰበብ ትዳሬን ላጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያውም ክሪኬት ወዳዱ እኔ አይደለሁም… ሚስቴ ናት!

ሚስቴ ያደገችው ናይሮቢ ነው። ቤተሰቦቿ በ1983 ዓ.ም. ግርግር ጊዜ እሷን የሁለት ዓመት ሕፃን ይዘው ከሀገር የወጡ ናቸው። እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ኳስ ማለት ለኔ በእግር የሚለጋ ነገር ነው። ከተጋባን በኋላ ሌሊት ስልኳን ከፍታ ክሪኬት ስታይ «ደግሞ ጀመረሽ!» ብዬ ጀርባዬን እሰጣት ነበር። በቃ፣ የኔ ተሳትፎ ይህን ያህል ነው።

በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታዲያ ዕቁቧ ወጣላት። የዚያን ዕለት ማታ ቡና እያፈላች «ኬፕታውን እንሂድ» አለችኝ። «ደቡብ አፍሪካና ሕንድ ቴስት ይጫወታሉ። ከታህሣሥ 24 እስከ 28።»

«ለአንድ ጨዋታ አምስት ቀን?»

«አዎ። ቴስት አምስት ቀን ነው። በየቀኑ ለምሳ 40 ደቂቃ፣ ለሻይ 20 ደቂቃ ያርፋሉ። አምስት ቀን ተጫውተው ሳይሸናነፉ ሊለያዩም ይችላሉ።»

«ለቅሶ እንኳን በሦስት ቀን ይነሳል እኮ!» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ገንዘቡ የራሷ ስለሆነ እምቢ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? ተደራደርኩ። እሷ አምስት ቀን ክሪኬት ካየች እኔም አምስት ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ሳይ «የት ነበርክ?» ላልባል! ተስማማች። እኔም አሪፍ ነጋዴ የሆንኩ መሰለኝ። ቪዛው፣ የቢጫ ወባ ካርዱ፣ ቲኬቱ… ሁሉንም እሷው ተሯሩጣ ጨረሰች። ለአራት ቀን መግቢያ ቆርጠን አምስተኛው ቀን የገና ዕለት ስለሆነ ሲደርስ እናየዋለን ተባባልን።

ኒውላንድስ የሚባለው ሜዳ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያምራል። ትልቁ ተራራ ከጀርባው ገደል እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ቆሟል። ጨዋታውን ደግሞ ሚስቴ በአምስት ደቂቃ አስረዳችኝ። አንዱ እየሮጠ መጥቶ ኳሷን ይወረውራል። ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በጠፍጣፋ ዱላ ይጠብቃል። እንጨቶቹ ከተመቱበት ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ከሜዳ ይወጣል። ከአሥራ አንዱ አሥሩ ሲወጡ ተራው የሌላው ቡድን ነው። አለቀ።

አለቀ ስል ደግሞ በእውነትም አለቀ! ደቡብ አፍሪካዎች መጀመሪያ ገብተው ምሳ ሳይደርስ ሁሉም በ55 ነጥብ ተጠራርገው ወጡ። ሲራጅ የሚባለው ሕንዳዊ ብቻውን ስድስቱን አሰናበታቸው። ሕንዶች ገቡ። 153 ነጥብ ላይ ሲደርሱ ገና አራት ሰው ነበር የወጣባቸው። ከዚያ በ11 ኳስ ውስጥ፣ አንድ ነጥብ እንኳን ሳይጨምሩ፣ የቀሩት ስድስቱ ረገፉ። ሚስቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም!» ትላለች። እኔ በየመሐሉ ሰዓቴን አያለሁ። በአንድ ቀን 23 ሰው ወጣ።

በማግሥቱ የደቡብ አፍሪካው ማርክራም እንደምንም 106 ነጥብ ቢያስቆጥርም ሕንዶች ለማሸነፍ የቀራቸው 79 ነጥብ ብቻ ሆነ። አገኙት። አምስት ቀን የተባለው ጨዋታ በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ፣ በ642 ኳስ ተጠናቀቀ። በቴስት ታሪክ አሸናፊ ከተለየባቸው ጨዋታዎች ሁሉ አጭሩ እሱ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የነበረው በ1932 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ በ656 ኳስ ያለቀው ነው። ሜዳው ራሱ በኋላ «አጥጋቢ አይደለም» ተብሎ ተፈርዶበታል።

ሰዉ እየተነሳ መሄድ ጀመረ። ሚስቴ አልተነሳችም። የቀሩትን ቲኬቶች ይዛ ሜዳውን ታያለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ሳቄ መጣና «ተመስገን! ሁለቱ ቀን አለቀ፤ የኔ አምስት ቅዳሜ ግን እንዳይቀነስ!» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። «አጠገቤ ነው የተቀመጥከው እንጂ አብረኸኝ አልመጣህም» አለችኝ። ሆቴል ስንገባ ደግሞ ጫማዋን እያወለቀች «ስንመለስ እናቴ ቤት ልሰነብት ነው» አለች። እንዲሁ በተረጋጋ ድምፅ።

ትዳር ያላችሁ ሰዎች ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። «እናቴ ቤት» በጩኸት ከተባለ ይበርዳል። በዝግታ ከተባለ ግን ሻንጣው በሐሳብ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ሦስተኛውን ቀን በዝምታ አሳለፍነው። አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ስንራመድ፣ ስሙን የማላውቀው የሰፈር ሜዳ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ክሪኬት ሲጫወቱ አየን። ሸበቶውም ቦርጫሙም አለበት። እግሯ ቀጥ አለ። «እንቀመጥ?» አልኳት። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ቆየንና፣ ከተጋባን ጀምሮ አንድም ቀን ያልጠየቅኳትን ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ቆይ፣ ግን ይህን ጨዋታ እንዴት ወደድሽው?»

አባቷ ናይሮቢ የአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ሾፌር ነበሩ። ከነጋዴው ጋር ሜዳ ሲመላለሱ እሳቸውም ጨዋታውን ለመዱ፤ ለልጃቸውም አወረሷት። የካቲት 17 ቀን 1995 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 24፣ 2003) የዓለም ዋንጫው አንዳንድ ጨዋታዎች ኬንያ ውስጥ ይካሄዱ ስለነበር የ14 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ናይሮቢ ጂምካና ሜዳ ገቡ። ኬንያ በ1996 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን የነበረችውን ስሪላንካን በ53 ነጥብ አሸነፈቻት! ኮሊንስ ኦቡያ የሚባለው የኬንያ ተጫዋች አምስት ሰው አስወጣ። ስደተኛው አባትና ልጅ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፈው ጨፈሩ። «አባቴ ሰው ፊት ሲጨፍር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» አለችኝ። ኬንያ ያን ጊዜ እስከ ግማሽ ፍፃሜ ደርሳ ደርባን ላይ በሕንድ ተሸንፋለች።

አባቷ ታዲያ «አንድ ቀን ትልቁን፣ አምስት ቀን የሚፈጀውን አብረን እናያለን» ይሏት ነበር። ኬንያ ቴስት አትጫወትም። ለማየት ድንበር መሻገር ግድ ነው፤ በስደተኛ ወረቀት ደግሞ ድንበር መሻገር አይሞከርም። ሳያዩት አረፉ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። «ስንት ይፈጃል?» ብዬ ጠይቄያለሁ። «ስንት ቀን ነው?» ብዬ ጠይቄያለሁ። «ለምን?» ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሰውየው ልጃቸው አጠገብ ሊቀመጡበት በተመኙት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰዓቴን ሳይ ነበር!

ይቅርታ ጠየቅኳት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። የሻይ ዕረፍት ሲደርስ ከአንዲት ሱቅ ሁለት ሻይ ገዝቼ መጣሁ። አያቴ በገና ጨዋታ ጊዜ የጎረቤት ሰው ቅልጥም በዱላ መትተው እንደታረቁ ነገርኳት። «እናንተም ዱላ ይዛችሁ ጥንግ ስታሳድዱ ኖራችሁ በኛ ትስቃላችሁ?» ብላ ሳቀች። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሳቅ! የገናን ዕለት እዚያ በሚኖሩ ሐበሾች ቤት ዶሮ በልተን ዋልን። እናቷ ቤት ሄዳ መሰንበቷም ቀረ።

እና አሁን ወደ ጉዳይሽ ልመለስ፣ እህቴ። እሺ በይው። ግን እንደኔ ዓይነት እሺ እንዳይሆን፦

አንደኛ፣ «ስንት ነው?» ከማለትሽ በፊት «እንዴት ወደድከው?» በይው። በባዕድ ሀገር ሰው የሚወደው ነገር ዝም ብሎ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ምናልባት ሻርጃ ሲገባ ብቸኝነቱን የሰበረለት የመጀመሪያው ነገር ይሆናል። መልሱን ሳትሰሚ ቲኬት እንዳይቆረጥ።

ሁለተኛ፣ የትኛው ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ጠይቂ። ቲ20 የሚሉት ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነው፤ ለጀማሪ ይመቻል። እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር የሚጫወትበት (አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው) ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ቴስት ከሆነ የኔን ታሪክ አስታውሺ። ሦስት ጨዋታ ካሰበ ሁለቱን አብረሽው እይ። በሦስተኛው እሱ ሜዳ ይዋል፤ አንቺ ባሕሩ ዳር ዋዪ። ማታ ስትገናኙ የምታወሩት አታጡም። ጫጉላ ማለት ተጣብቆ መዋል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወቅቱን ሳታጣሩ አትሂዱ። ክሪኬት በዝናብ አይካሄድም። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ኮሎምቦ ላይ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎች በዝናብ ምክንያት በተደጋጋሚ ያለ ውጤት ቀርተዋል። ባሕር ተሻግሮ ሄዶ የጣራ ፍሳሽ መቁጠር ለማንም ሙሽራ አይመከርም።

አራተኛ፣ ወጪውን ከሰርጉ በፊት ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ለሰርግ ተበድሮ ለሽርሽር መበደር አይደራረብ። ገንዘቡ ካልሞላ ጉዞው ለከርሞ ይቆይ፤ እሱ ላለበት ሀገር ክሪኬት ብርቅ አይደለም፤ ሻርጃም ዱባይም ትልልቅ ሜዳዎች አሉ።

አምስተኛውና ዋናው፣ ውለታ አትቁጠሪ። «እኔ ላንተ ብዬ ክሪኬት አይቻለሁ፤ አንተ ደግሞ…» የሚል ንግግር ከተጀመረ ትዳሩ ሱቅ ሆነ ማለት ነው። በተለይ በተሸነፈበት ቀን እንዳትስቂበት። አደራ!

ለእጮኛሽም አንድ ቃል አለኝ፦ ወንድሜ፣ አንተም እሷ የምትወደውን ጠይቅ። አብራህ ሜዳ ከገባች አንተም አብረሃት የምትገባበት ቦታ ይኑር። ጨዋታውን ስታስረዳት ደግሞ አትቆጣ፤ አንተም አንድ ቀን ጀማሪ ነበርክ።

እናትሽን ደግሞ በአክብሮት እንዲህ በይልኝ፦ እማማ፣ የሚያስፈራው ሙሽራውን ይዞ ሜዳ የሚወርደው ሳይሆን ሙሽራውን ጥሎ የሚወርደው ነው።

አምስቱ ቅዳሜዎችስ የት ደረሱ ካላችሁኝ፣ ሦስቱን ሰረዝኳቸው። ሁለቱን ግን ኳስ ሳይ እሷው አብራኝ መጣች። በዘጠናኛው ደቂቃ ቡድኔ ጎል ሲገባበት በዓይኔ ሰረቅ አድርጌ አየኋት። አልሳቀችም።

እህቴ፣ መልካም ጋብቻ! ከኮሎምቦ ስትመለሱ ማን እንዳሸነፈ ጻፊልኝ።

በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!